አልጋ ሁልጊዜ አያሳርፍም፦ ማሽን ላይ ያለን ሕመምተኛ እንዴት እናንቀሳቅስ?

ጅማ ሄርማታ ሰፈር ሳድግ አባቴ በርጩማ እየጠረበ ይሸጥ ነበር። ያንን ባለ ሦስት እግሩን፣ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን። ያ በርጩማ አንድ ቀን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ የሥራ መሣሪያዬ ይሆናል ብሎ ቢነግረኝ እስቅበት ነበር። ወደሱ እመለሳለሁ።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ስድስት ዓመታት በአብዛኛው አይሲዩ (ጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ። ይህን የምጽፈው ለሁለት ሰው ነው። አንዱ አይሲዩ ተመድቦ እጁ የሚንቀጠቀጥ ጀማሪ ባለሙያ ነው። ሌላዋ ፌስታል ይዛ በር ላይ የምትጠብቅ አስታማሚ ናት። እሷ ልትሠራው የምትችለውን ለብቻ እነግራታለሁ። የቀረውን ግን ብቻዋን እንዳትሞክረው።

እኛ አገር ሰው ክፉኛ ሲታመም "አትንኩት፣ ይረፍ" ይባላል። ከፍቅር የመጣ ነገር ነው። ጡንቻ ግን ፍቅር አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የለንደን ጥናት አይሲዩ የተኙ ሰዎችን የፊት ጭን ጡንቻ በአልትራሳውንድ እየለካ ተከታተለ። በአሥር ቀን ውስጥ የጡንቻው ስፋት ወደ 18 ከመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ከአንድ በላይ የአካል ክፍል በተጎዳባቸው ሰዎች ደግሞ የባሰ ነበር። እዚህ ጋ አስቡት፤ ያ ጡንቻ እኮ ነው ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሳው። ሳንባው ድኖ፣ ልቡ ተስተካክሎ፣ ቤቱ ሲገባ ግን ሽንት ቤት ቁጢጥ ብሎ መነሳት ያቃተው ሰው አይቻለሁ። አንድ ብቻም አይደለም።

ስለዚህ መጀመር ያለብን ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ነገር ግን በጥቂቱ። ይህን "በጥቂቱ" የምትለውን ቃል አደራ እንዳትዘልሏት።

ምክንያት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ በተሠራ ጥናት 104 የመተንፈሻ ማሽን ላይ ያሉ ሰዎች ተሳትፈው ነበር። ማደንዘዣቸው በየቀኑ ቆም ሲደረግ ገና ከመጀመሪያው እንዲንቀሳቀሱ ከተደረጉት ውስጥ 59 ከመቶዎቹ ከሆስፒታል ሲወጡ ራሳቸውን ችለው ነበር። በተለመደው መንገድ ከታከሙት 35 ከመቶ ናቸው። ይህን ያነበብኩ ሰሞን እንደ ሰባኪ ሆኜ ነበር፤ ሰውን ሁሉ ካላስነሳሁ እል ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ700 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ወጣ። እዚያ ደግሞ እንቅስቃሴውን ከተለመደው በላይ ጠንከር ያደረጉት ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት አላገኙም። እንዲያውም እንደ ልብ ምት መዛባትና የደም ግፊት መለዋወጥ ያሉ ችግሮች በእነሱ ላይ በዛ ብለው ታዩ። ሁለቱን አንድ ላይ ሳነባቸው ለእኔ አይጋጩም። ቶሎ ጀምር፣ ግን አትግፋ፤ የተረዳሁት ይህን ነው።

ከመንካት በፊት

አልጋው ጋ ስትደርሱ በመጀመሪያ እጃችሁን ሳይሆን ዓይናችሁን አሠሩ። ሞኒተሩን እዩ፣ ቬንቲሌተሩን (የመተንፈሻ ማሽኑን) እዩ፣ ከዚያ ፊቱን። እኔ ይህን የማደርገው አልጋው ግርጌ ቆሜ ነው፤ ሰውየውን ሳልቀርብ።

ከአልጋ ላይ እንቅስቃሴ አልፌ ላስቀምጠው ካሰብኩ የማያቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። የደም ኦክስጅን 90 ከመቶ እና ከዚያ በላይ። ማሽኑ የሚሰጠው ኦክስጅን ከ60 ከመቶ ያልበለጠ፣ ፒፑ (አየር ሲወጣ ሳንባው እንዳይጨማደድ ማሽኑ የሚያቆየው ግፊት) ከ10 ያልበለጠ። አተነፋፈሱ በደቂቃ ከ30 ያልበለጠ። የልብ ምት ከ130 በታች። አማካይ የደም ግፊት ከ65 በላይ። የግፊት ማሳደጊያ መድኃኒት፣ ማለትም ኖርአድሬናሊን ወይም አድሬናሊን፣ እየተሰጠው ከሆነ መጠኑ የተረጋጋ መሆን አለበት። ከአንድ ሰዓት በፊት የጨመሩለትን ሰው ዛሬ ጠዋት አላስቀምጥም። መድኃኒቱ መንጠልጠሉ ብቻውን ግን "አይነካም" ማለት አይደለም። ብዙ ጀማሪ እዚህ ጋ ይፈራል። ጥያቄው "ተንጠልጥሏል ወይ?" ሳይሆን "እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ?" ነው።

ደም እየፈሰሰው ያለ፣ ያልተጠገነ ስብራት ያለበት፣ የልብ ምቱ የተዘበራረቀ፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ግፊት የጨመረበት፣ ወይም እግሩ ላይ ደም ረግቶ ገና መድኃኒት ያልጀመረ ሰው ካለ ከሐኪሙ ጋር ሳትነጋገሩ አትንኩ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የባለሙያዎች ስምምነት ነገሩን እንደ ትራፊክ መብራት ከፍሎታል፤ አረንጓዴ ሂድ፣ ቢጫ አስብበት፣ ቀይ ቁም። እኔ ቢጫዎቹን ብቻዬን አልወስንም። ሲስተሯን እጠይቃለሁ። ሌሊቱን ከሰውየው ጋር ያደረችው እሷ ናት፤ ቻርት ላይ ያልተጻፈውንም ታውቃለች።

ሰዓቱን ከነርሶቹ ጋር ተስማሙ። ማደንዘዣው በሚቀንስበት ሰዓት ካልደረሳችሁ የተኛ ሰው ነው የምታገኙት። እኔ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እገባለሁ፤ ከዶክተሮቹ ራውንድ በኋላ፣ ከቡና በፊት። ከቡና በኋላ ከሆነ ሁሉም ሰው በየፊናው ይበተናል።

ነቅቷል ወይ?

ነቅቶ ከሆነ አምስት ነገር እጠይቃለሁ። ዓይንዎን ይክፈቱ ይዝጉ። ወደ እኔ ይዩ። አፍዎን ከፍተው ምላስዎን ያሳዩኝ። ራስዎን ይነቅንቁ። እስከ አምስት ስቆጥር ቅንድብዎን ከፍ ያድርጉ። አምስቱንም ካደረገ ጡንቻውን መለካት ይቻላል።

የመጨረሻዋ የቅንድብ ጥያቄ ለእኛ ሰው የተፈጠረች ትመስለኛለች። እኛ "አዎ" ስንል ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን ቅንድብ እናነሳ የለ? ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ያለበት ሰው ትንፋሹን እንደዚያ መሳብ አይችልም። ቅንድቡ ግን ይነሳል። ስለዚህ ቅንድቡ ከፍ ሲል "ትእዛዙን ሰማ" ብቻ ሳይሆን "አዎ አለኝ" ብላችሁም አንብቡት። አንድ አባት ሁለት ቀን ሙሉ "አዎ፣ ያመኛል" ሲሉን ቆይተው ያወቅነው በሦስተኛው ቀን ነው።

ቋንቋም አለ። ጅማ ዙሪያ የሚመጡልን ሰዎች ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው። ደህና ሲሆን አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር ሰው እንኳ ከማደንዘዣ ሲነቃ በእናቱ ቋንቋ ነው የሚነቃው። "ኢጃ በና" ስትሉት ዓይኑን የሚከፍት፣ "ዓይንዎን ይክፈቱ" ስትሉት ዝም የሚል አለ። ደንቁሯል ወይም አልነቃም ከማለታችሁ በፊት በሁለቱም ሞክሩ። "ጀባዻ" (ይበርቱ) የምትል አንዲት ቃል ከአሥር ደቂቃ ማብራሪያ ትበልጣለች።

የጡንቻ መለኪያው ቀላል ነው። በቀኝም በግራም ስድስት እንቅስቃሴ፦ ክንድን ከትከሻ ወደ ጎን ማንሳት፣ ክርን ማጠፍ፣ የእጅ አንጓን ወደ ላይ፣ ጭን ማንሳት፣ ጉልበት መዘርጋት፣ የእግር መዳፍን ወደ ላይ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ። ሙሉው 60 ነው። ከ48 በታች ከሆነ አልጋው ጡንቻውን በልቶታል ማለት ነው። ቁጥሩን ቀኑን ጠቅሳችሁ ጻፉት። "ደከም ብሏል" ብሎ መጻፍ ማንንም አይረዳም።

ካልነቃ፦ የአስታማሚዋ ድርሻ

እዚህ ጋ እህቴ፣ ፌስታሉን አስቀምጪና ነይ። በመጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ። ከዚያ ነርሷን "ዛሬ ማንቀሳቀስ ይቻላል?" ብለሽ ጠይቂ። ከፈቀደች ቀጥዪ።

ከጣቶቹ ጀምሪ። ጣት፣ የእጅ አንጓ፣ ክርን። እያንዳንዱን ቀስ ብለሽ አሥር ጊዜ እጠፊ፣ ዘርጊ። ትከሻ ላይ ስትደርሺ ክንዱን በሁለት እጅሽ ከሥር ደግፊው። በእጁ ይዘሽ እንዳትጎትቺው፤ የላላ ትከሻ ቶሎ ይወልቃል። ከትከሻው ከፍታ በላይም አታንሺው። እግር ላይ ጉልበቱንና ጭኑን አንድ ላይ እጠፊ። ብሽሽቱ ላይ ቱቦ ካለ ግን ይህንን እኛ እስክንመጣ ተዪው።

ዋናው ቁርጭምጭሚት ነው። ተረከዙን በመዳፍሽ ያዢ። ክንድሽን ውስጥ እግሩ ላይ አስደግፊና የእግሩን ጣቶች ወደ ራሱ አቅጣጫ ግፊ። ሠላሳ እስኪሞላ ቁጠሪ። ይህ ሳይሠራ ሁለት ሳምንት የተኛ ሰው እግሩ እንደ ባሌሪና ወደ ታች ይደርቃል፤ ከዚያ በኋላ ተረከዙ መሬት አይነካም። ስትጨርሺ ጋቢ ጠቅልለሽ ውስጥ እግሩ ላይ አስደግፊለት። በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል።

አንድ ነገር ግን በጥብቅ ልንገርሽ። ባቱ ያበጠ ወይም የሚሞቅ ከሆነ አታሺው። ቅቤም ዘይትም አትቀቢው። ወጌሻ ይምጣለት የሚሉ ዘመዶች ይኖራሉ፤ ለወጌሻ ሙያ አክብሮት አለኝ፣ ቦታው ግን እዚህ አይደለም። እዚያ ባት ውስጥ ደም ረግቶ ከሆነ እሽት ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል። ለነርሷ ንገሪ፤ እጅሽን ሰብስቢ።

ከዚያ አውሪው። ዛሬ ቀኑ ማን እንደሆነ ንገሪው። መነጽር ካለው አድርጊለት። ጠዋት አዛን ወይም የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰማ "ነግቷል" በይው። አይሲዩ ውስጥ መብራቱ ስለማይጠፋ ሰው ቀንና ሌሊት ይምታታበታል፣ ይቃዣል፣ ቱቦውን ሊነቅል ይታገላል። በ2009ኙ ጥናት ቶሎ የተንቀሳቀሱት ሰዎች መቃዠቱ ያጠረላቸው ነበሩ። እኔ በዓይኔ የማየውም ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያው መቀመጥ

አሁን ወደ አስቸጋሪው መጣን። ቱቦ ጉሮሮው ውስጥ እያለ አልጋ ጠርዝ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። ግን ሦስት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ራስጌ ቆሞ የመተንፈሻ ቱቦውን ብቻ ይይዛል፤ ሌላ ሥራ አይሰጠውም። አንዱ የመድኃኒት መስመሮቹንና ሞኒተሩን ያያል። ሦስተኛው እናንተ ናችሁ፤ ከፊት። ሁለት ሰው ብቻ ካለ ዛሬ አይደረግም፤ የአልጋውን ራስጌ ከፍ አድርጋችሁ እዚያው አሠሩት። እኔ "እኔ እበቃለሁ" ብዬ ያደረግኩት ጊዜ ነበር። የሽንት ከረጢቱ በወዲያኛው በኩል አልጋው ብረት ላይ ታስሮ ነበር፤ አላየሁም። ሰውየውን ሳዞረው ካቴተሩ (የሽንት ቱቦው) ተወጠረ። የፊቱን ሁኔታ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፤ የኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ቱቦ በጣቴ እከተላለሁ፤ ከገላው ጀምሬ እስከሚያልቅበት። ስምንት ቱቦ ካለ ስምንት ጊዜ።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። አክታው ካለ በሳክሽን (በመምጠጫ ማሽን) ይጸዳል። የቱቦው ማሰሪያ መጥበቁ ይታያል። በአፍንጫ የሚገባው ምግብ ይቆማል። የሽንት ከረጢቱ ባዶ ይደረግና ከፊኛው በታች ሆኖ ወደምትዞሩበት በኩል ይመጣል። ሁልጊዜ ቬንቲሌተሩ ወዳለበት በኩል አዙሩ፤ በተቃራኒው ካዞራችሁ ቱቦው ያጥራል። አምቡ ባጉ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠው ከረጢት) አልጋው ላይ ይቀመጣል። መብራት ሲሄድ ባትሪውና ጄኔሬተሩ አሉ እንበል፤ እኔ ግን አምቡ ባጉን ሳላይ አልጀምርም። እ.ኤ.አ. በ1952 በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ ጊዜ ማሽን ስላልበቃ የሕክምና ተማሪዎች እየተፈራረቁ ቀን ከሌት ባግ በእጃቸው እየጨመቁ ነበር ሰው ያተረፉት። የዛሬው አይሲዩ የተወለደው ከዚያ ነው ይባላል። መጭመቅ አያሳፍርም።

ከዚያ ወደ ጎን አዙሩት። እግሮቹን ከአልጋው አውርዱ፣ ትከሻውን ከፍ አድርጉ፤ እግር ሲወርድ ወገብ በራሱ ይነሳል። ልክ እንደተቀመጠ ምንም አታድርጉ። አንድ ደቂቃ ጠብቁ። የደም ግፊቱን ለኩ። የመጀመሪያው ልኬት ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል፤ የምንወስነው ደግመን ስንለካ ባገኘነው ነው።

በርጩማው የገባው እዚህ ጋ ነው። የአይሲዩ አልጋ ከፍ ያለ ነው። አጠር ያለ ሰው ሲቀመጥ እግሩ አየር ላይ ይንጠለጠላል። እግሩ ያልረገጠ ሰው ደግሞ ይፈራል፣ ወገቡን መያዝ አይችልም፣ እናንተ ላይ ይወድቃል። አንድ ቀን ከቤት በርጩማ ይዤ መጣሁ። ሦስት እግር ስለሆነ ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይንገዳገድም። ሁለቱም ውስጥ እግሮቹ መሐሉ ላይ ያርፋሉ፤ ጠርዙን ከረገጠ ግን ይገለበጣል። እግር ማሳረፊያ ብቻ ነው፤ ማንም ሰው እላዩ ላይ እንዲቆም አይደረግም። የኢንፌክሽን መከላከል ኃላፊዋ "እንጨት አይሲዩ ውስጥ?" ብላ ተቆጣችኝ፤ እውነቷን ነው። አሁን በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በበረኪና ተጠርጎ ነው የሚገባው።

ለመጀመሪያ ቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል። የሚቆመው መቼ ነው? ኦክስጅኑ ከ88 በታች ወርዶ ካልተመለሰ። የልብ ምቱ ከ130 ካለፈ። አማካይ ግፊቱ ከ65 ከወረደ። አተነፋፈሱ ከ40 ከበለጠ። ላብ ካጠመቀው፣ ከገረጣ፣ ዓይኑ ከተንከራተተ። ወይም እጁን ከፍ አድርጎ "በቃኝ" ካለ። ይህ የመጨረሻው ቁጥር የለውም፤ ግን ከሁሉም በላይ አከብረዋለሁ።

በማግስቱ ስምንት ደቂቃ። ከዚያ መቆም። ከዚያ ቦታ ላይ እግር ማንሳት፣ ከዚያ ወንበር፣ ከዚያ እርምጃ። ይህን ዝርዝር እያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ ደረጃ ይወጣል ማለት አይደለም። ትናንት ቆሞ ዛሬ መቀመጥ የሚያቅተው አለ። ትኩሳት ገብቶበት ይሆናል። ተመለሱ፤ ከታች ጀምሩ።

ስለ ኤክሞ ጥቂት

ተማሪዎች ይጠይቁኛል። ኤክሞ ማለት ደሙ በወፍራም ቱቦ ከትልቅ የደም ሥር ወጥቶ፣ ማሽን ውስጥ ኦክስጅን ገብቶበት፣ ተመልሶ የሚገባበት ነው። ሳንባን ብቻ የሚያግዝ አለ፤ ልብንም ጨምሮ የሚያግዝ አለ። እኔ በእጄ አልነካሁትም፤ የማውቀው ከንባብና ከሥልጠና ነው። መርሁ ግን ከላይ ካልኩት አይለይም፤ ቱቦው ብቻ የባሰ አደገኛ ነው። ቱቦው ከታጠፈ የደሙ ፍሰት ወዲያው ይወርዳል። ደሙ እንዳይረጋ መድኃኒት ስለሚሰጥ ትንሽ ጭረትም ሊደማ ይችላል። ስለዚህ ቱቦውን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ይመደባል። ቱቦው አንገት ላይ ከሆነ በብዙ ጥንቃቄ የሚያስቆሙና የሚያራምዱ ማዕከላት አሉ። ብሽሽት ላይ ከሆነ ብዙዎቹ አልጋ ላይ በሚሠራ እንቅስቃሴ ይወሰናሉ።

ከአይሲዩ ከወጣ በኋላ

ከአጋሮ ወዲያ የመጡ አንድ ቡና ገበሬ ነበሩ፤ ሃምሳዎቹ ውስጥ ናቸው። ከባድ የሳንባ ምች። ዘጠኝ ቀን ቬንቲሌተር ላይ ቆዩ፤ የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ኖርአድሬናሊንም ነበራቸው። በሁለተኛው ቀን ቁርጭምጭሚታቸውን የጀመረላቸው ልጃቸው ነው፤ እኔ አንድ ጊዜ አሳየሁት። በስድስተኛው ቀን አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ አራት ደቂቃ። በሰባተኛው ቀን አልሆነም፤ ግፊታቸው ወረደና መልሰን አስተኛናቸው። ቱቦው በወጣ ማግስት ወከር ይዘው ስድስት እርምጃ ሄዱ። የጡንቻ ነጥባቸው 44 ነበር።

ሊወጡ ሲሉ ልጁን የጠየቅኩት ስለ መድኃኒት አይደለም። "ቤት የምትቀመጡት ምን ላይ ነው?" አልኩት። በርጩማ። ሽንት ቤቱስ? ቁጢጥ የሚባልበት። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። ሆስፒታል ውስጥ ከፍ ካለ ወንበር መነሳት የቻለ ሰው ከዝቅተኛ በርጩማ መነሳት አይችልም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ሳምንት ከፍ ያለ ወንበር፣ ቀን ሦስት ጊዜ አምስት አምስት መነሳት። በሁለተኛው ሳምንት ዝቅ ያለ፤ በርጩማው ላይ ሁለት ትራስ ደርቦ ይሆናል። ከዚያ አንድ ትራስ። ከዚያ ምንም። ሽንት ቤት የሚያዝ ገመድ ወይም እንጨት ግድግዳው ላይ ይመታል። ቡና ለቀማ ለጊዜው የለም፤ ቁልቁለት ደግሞ ከዳገት ይብሳልና በተለይ ቁልቁለቱ ይቅር።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ልጁ ደወለ። አንድ ትራስ ላይ ደርሰዋል አለኝ። ትራሱን ግን እናቱ ተደብቀው መልሰው ሁለት ያደርጉታል፤ "ገና ነው" እያሉ። "እማማን አቅርብልኝ" አልኩት።